የጦቢት ዓይንና የእኛ አረጋውያን፤ ስለ ዓይን ሞራ የተዘጋጀ ትምህርት

የተወደዳችሁ የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬና የዙሪያው ገጠር ምእመናን፤

ዛሬ የምንማረው ስለ ዓይን ሞራ ነው። በየመንደራችን የልጅ ልጃቸው በበትር ጫፍ የሚመራቸው አባቶች፣ ከምድጃ ዳር የማይርቁ እናቶች አሉ። ብዙዎቻችን «እርጅና ነው፤ እግዜር ያመጣውን ማን ይመልሰዋል» ብለን ተቀምጠናል። ይህ አባባል ከሃይማኖት ትምህርትም ከሕክምና ትምህርትም ጋር አይገጥምም። ለምን እንደማይገጥም ከሥሩ ጀምረን በቅደም ተከተል እንይ።

አንደኛ፤ ሞራ ምንድን ነው?

ከዓይን ብሌን በስተኋላ ብርሃን ሰብስቦ ወደ ዓይን ጀርባ የሚያደርስ ጥርት ያለ ሌንስ አለ። የተሠራው ከውሃና ከፕሮቲን ነው። ዕድሜ ሲገፋ ፕሮቲኑ እየተቋጠረ ሌንሱ ይደፈርሳል። የእንቁላል ነጩ ጥሬ ሳለ ጥርት ያለ ነው፤ እሳት ሲነካው ግን ይነጣል፤ አንዴ ከነጣም ወደ ጥሬነቱ የሚመልሰው የለም። የደፈረሰ ሌንስም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሞራን የሚገፍ ጠብታም፣ መነጽርም፣ ቅጠልም የለም። ችግሩ ያለው ዓይን ውስጥ ነውና ከላይ የሚጨመቅ መድኃኒት አያጠራውም፤ ይልቁንም የዓይንን ፊት አቁስሎ ሌላ ዕውርነት ሊያመጣ ይችላል።

ሞራ ባብዛኛው ሕመም የለውም፤ ብዙዎች የሚዘናጉትም ለዚህ ነው። እይታ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል፤ ፀሐይ ላይ ሲወጡ ብርሃኑ ያጭበረብራል። እናት እህል መልቀም ያቅታቸዋል፤ የቡሬ በርበሬ ቅላቱ የጠፋ ይመስላቸዋል፤ መንገድ ላይ ያገኙትን ዘመድ የሚለዩት በድምፁ ይሆናል። እየቆየ ሲሄድ ብሌኑ ራሱ ነጥቶ ይታያል።

ሁለተኛ፤ ከምን ይመጣል?

ዋናው ምክንያት ዕድሜ ነው። የስኳር በሽታ፣ ሲጋራ፣ ለረጅም ዘመን ፀሐይ ላይ መዋል፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለብዙ ጊዜ የሚወሰድ የስቴሮይድ መድኃኒት ያፋጥኑታል። እንጨት ሲፈለጥ የተፈናጠረ ስባሪ፣ እሾህ ወይም የበሬ ቀንድ የመታው ዓይንም ሞራ ሊያወጣ ይችላል። አንዳንድ ሕፃናት ከነሞራቸው ይወለዳሉ። የሕፃን ብሌን ነጥቶ ከታየ አንድ ቀን እንኳ አትጠብቁ፤ በልጅነቱ ያላየ ዓይን ከአእምሮ ጋር ሳይላመድ ይቀራልና።

እንግዲህ ዓይነ ስውርነት እርግማን ወይም የኃጢአት ቅጣት ነው የሚል ሐሳብ ከየት መጣ? ደቀ መዛሙርትም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ማን እንደበደለ ጌታን ጠይቀውት ነበር። እርሱ ግን ሰውየውም ወላጆቹም በመበደላቸው እንዳልሆነ ነገራቸው፤ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9ን አንብቡ። ጌታ ያልከሰሰውን እኛ ልንከስ አይገባንም። በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል፤ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉን ያሳወረው ሞራ ነው። ይህ ሁሉ ሕዝብ የተረገመ አይደለም፤ ያልታከመ ነው።

ሦስተኛ፤ እግዚአብሔር የሚፈውሰው በምንድን ነው?

መጽሐፈ ጦቢትን እናስብ። ጦቢት ሙት የሚቀብር፣ የሚመጸውት ጻድቅ ሰው ነበር፤ ሆኖም ዓይኑ ነጭ ለብሶ ታወረ። እግዚአብሔርም መልአኩን ቅዱስ ሩፋኤልን ላከ። ሩፋኤል በቃሉ ብቻ ሊያበራለት ሲችል፣ ልጁ ጦብያ የዓሣ ሐሞት እንዲያኖርና የአባቱን ዓይን በገዛ እጁ እንዲቀባ አዘዘው። ነጩ ተገፈፈ፤ አባት ልጁን አየ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ትምህርቱ ዓይን ውስጥ ሐሞት ጨምሩ ማለት አይደለም። ፈውስ የእግዚአብሔር ሆኖ ሳለ በፍጥረቱና በሰው እጅ በኩል እንደሚመጣ ያሳያል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር እንደሆነ፣ መድኃኒትን ከምድር ያስገኘውም እርሱ እንደሆነ ያስተምራል። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። ስለዚህ ጸበል የሚጠመቅ ሰው ሐኪም ዘንድ ቢሄድ እምነቱን አልካደም።

አራተኛ፤ ሕክምናው እንዴት ነው?

ሐኪሙ በቅድሚያ ዓይኑን ይመረምራል፤ የዓይን ግፊት፣ የደም ግፊትና ስኳርም ይለካል። ከዚያ ዓይኑን ብቻ በማደንዘዣ ያደነዝዛል። ታካሚው ነቅቶ ሳለ በትንሽ ቀዳዳ የደፈረሰው ሌንስ ይወጣና በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። «ዓይኔን አውጥተው ይመልሱታል» የሚባለው ሐሰት ነው፤ ዓይኑ ከቦታው አይነቃነቅም። ሥራው ባብዛኛው ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ ፋሻው በማግሥቱ ይፈታል። ሌንሱም ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ይህ ሌንስ የተገኘው በአስተውሎት ነው። እንግሊዛዊው የዓይን ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ በጦርነት የቆሰሉ አብራሪዎች ዓይን ውስጥ የገባው የአውሮፕላን መስኮት ፕላስቲክ ስባሪ ዓይኑን እንደማያስቆጣ ተመለከተ። እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ ከዚሁ ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራውን የመጀመሪያውን ሌንስ በሰው ዓይን ውስጥ አስገባ።

«ሞራው እስኪበስል ልጠብቅ» የሚሉ አሉ፤ ይህ የድሮ ምክር ነው። እጅግ የቆየ ሞራ ሥራውን ያከብዳል፤ አንዳንዴም የዓይን ግፊት ጨምሮ በሕመም ያሠቃያል። የዕለት ኑሮን ማወክ ከጀመረ ጊዜው ደርሷል።

አምስተኛ፤ ከሕክምናው በኋላ ምን እናድርግ?

የታዘዘውን ጠብታ እስከ መጨረሻው ማድረግ፣ ዓይንን አለማሸት፣ ከባድ ሸክም አለመሸከም፣ ከጭስና ከአውድማ አቧራ መራቅ ይገባል። ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ምንም ዓይነት ውሃ ዓይን ውስጥ አይግባ። በዚያ ሰሞን ጸበሉን ጠጡት፤ ፊት ላይ ግን አይረጭ፤ ካህናት አባቶቻችንም በዚህ እንድታግዙን እንለምናለን። ዓይኑ ከቀላ፣ ካመመ ወይም እይታው ከቀነሰ በዚያው ቀን ወደ ታከማችሁበት ተመለሱ።

የማየት ችግር ሁሉ ሞራ እንዳልሆነም እወቁ። በክልላችን የበዛው ትራኮማ ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ ቀልብሶ ዓይንን ያቆስላል፤ ግላኮማ የተባለው የዓይን በሽታ ያጠፋው ብርሃን ደግሞ አይመለስም። ይህን የሚለየው ምርመራ ብቻ ነው።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፣ ጦብያን ምሰሉ። እናት አባታችሁ አንዱን ዓይን ሸፍነው በሌላው በ6 ሜትር ርቀት ጣት ይቁጠሩ፤ ሁለቱንም ዓይን እንዲሁ ፈትኑ። ካቃታቸው ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ንገሩ፤ የጤና መድን ደብተራቸውን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ ሆስፒታል ውሰዷቸው። ካስፈለገ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሪፈር ይጻፍላቸዋል። «ክረምቱ ይውጣ፣ አዝመራው ይግባ» አትበሉ፤ አባትን ማክበር ትእዛዝ ነው፤ ማሳከምም ከማክበር አንዱ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።