የቃል ፈተናና የደመወዝ ስምምነት በትልልቅ ኩባንያዎች ዘንድ

በአንድ ንግድ ቤት ውስጥ ዐሥር ዓመት ያገለገለ የሒሳብ ጸሐፊ ወይም የዕቃ ግምጃ ቤት ኀላፊ አንድ ቀን ማለዳ ለአሠሪው «ሌላ ሥራ አግኝቻለሁና ያሰናብቱኝ» ባለ ጊዜ፣ ነጋዴው ወዲያው የሚያስበው ትልቁ ኩባንያ በገንዘብ ብዛት እንደ ወሰደበት ነው። ነገሩ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ሠራተኛው ማስታወቂያውን ካነበበበት ቀን ጀምሮ የቅጥር ውሉን እስከሚፈርምበት ቀን ድረስ የሚያልፍባቸው በሮች ብዙ ናቸው፤ ከእነዚህም በአንዱ ላይ ተሰናክሎ ከፊተኛው ያነሰ ገንዘብ ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባው ጥቂት አይደለም። ይህ ጽሑፍ እነዚህን በሮች በተራ ይመረምራል። የሚመለከተውም ሥራ ፈላጊውን ብቻ ሳይሆን፣ ሠራተኛውን የሚያሰናብተውንና ነገ ደግሞ በፋንታው ሌላውን የሚቀጥረውን ነጋዴ ጭምር ነው።

የመጀመሪያው በር ማስታወቂያው ነው። በጋዜጣ የሚወጣው የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ የሥራውን መጠሪያ፣ የትምህርቱን ደረጃ፣ የሥራ ልምዱን ዘመንና የሥራውን ቦታ ከዘረዘረ በኋላ በደመወዝ ረድፍ ላይ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አነጋገሮች አንዱን ያስቀምጣል፤ ይኸውም «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» ወይም «በስምምነት» የሚል ነው። ስኬል ባለው ኩባንያ ለእያንዳንዱ የሥራ ደረጃ መነሻው ደመወዝና ከዚያ በላይ የሚወጣባቸው እርከኖች አስቀድመው ተወስነዋል። ፈታኞቹም ስኬሉን የመለወጥ ሥልጣን የላቸውም። ስለዚህ «ደመወዙ አነሰ» ብሎ ከእነርሱ ጋር መከራከር ውኃ እንደ መውቀጥ ያለ ነው። አመልካቹ በማስረጃ ተደግፎ ሊነጋገርበት የሚችለው ነገር በየትኛው እርከን ላይ ይግባ የሚለው ነው፤ ይህም የሥራ ልምዱ ስንት ዓመት ሆኖ ይቈጠርለታል ከሚለው ጋር የተያያዘ ነው። «በስምምነት» በተባለበት ቦታ ግን ነገሩ እንደ ማንኛውም የገበያ ዋጋ ድርድር ነው፤ ልዩነቱ ኩባንያው የመጨረሻውን ዋጋ ሲያውቅ አመልካቹ አለማወቁ ነው።

ገንዘብ ያዥና ዕቃ ግምጃ ቤት ኀላፊ የሚፈለግ እንደ ሆነ «ተያዥ ማቅረብ የሚችል» የሚል ቃል ይጨመራል። ይህን ቃል በችኮላ አልፈው ፈተናውን በሙሉ ካለፉ በኋላ ዋስ አጥተው የቀሩ አሉ።

ከጽሑፍ ፈተና በኋላ የቃል ፈተና ይመጣል። በትንሽ ንግድ ቤት አሠሪው ራሱ አንድ ሁለት ጥያቄ ጠይቆ፣ የሰውየውን ዘመድ ወይም ጎረቤት አጠያይቆ ይቀጥራል። በትልቁ ኩባንያ ግን ሦስት ወይም አራት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ከሰው ኀይል አስተዳደር፣ አንዱ ከሚቀጠርበት ክፍል፣ ሌላውም ከሒሳብ ክፍል ይሆናል። እያንዳንዱም በፊቱ ባለው ወረቀት ላይ ነጥብ ይጽፋል። ከዚህ የተነሣ ለአመልካቹ ትልቁ ጉዳይ የፈታኞቹን ፊት ማንበብ ሳይሆን፣ በወረቀቱ ላይ ሊጻፍ የሚችል መልስ መስጠት ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን፣ የአስመጪነት ጉዳይ ፈጻሚ ለመቅጠር የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ። «ዕቃው በኤፍ.ኦ.ቢ. ውል ተገዝቶ፣ በመርከብ ላይ ከተጫነ በኋላ በጉዞ ቢበላሽ ጉዳቱ የማን ነው?» ይላል። ሁለት አመልካቾች ተከታትለው ገብተው ነበር። የመጀመሪያው በኮሌጅ የተማረውን ቃል በቃል ሲያስታውስ ቈይቶ፣ በኤፍ.ኦ.ቢ. ጊዜ የጉዳት ኀላፊነት ዕቃው በመርከቡ ላይ እንደ ተጫነ ወደ ገዢው ይተላለፋል ብሎ በትክክል መለሰ፤ ነገር ግን «እንግዲያው ገዢው ምን ያደርጋል?» ሲባል ዝም አለ። ሁለተኛው በመርካቶ ለአንድ አስመጪ ስድስት ዓመት የሠራ ሲሆን ትርጓሜውን አሳምሮ መናገር አልቻለም። ይሁን እንጂ የተሰበረ የወለል ሸክላ በመጣ ጊዜ የቢል ኦፍ ሌዲንጉን፣ የኢንቮይሱን፣ የማሸጊያ ዝርዝሩንና የኢንሹራንስ ፖሊሲውን ቅጂ እንዴት እንዳሰባሰበ፣ ዕቃው ከመነሣቱ በፊት የጉዳት መርማሪ እንዲያየው እንዴት እንዳስደረገና ለኢንሹራንስ ኩባንያው እንዴት እንዳመለከተ በተራ ተናገረ። በገዢው ኢንሹራንስ ላይ ማመልከቱ ራሱ ጉዳቱ የገዢው መሆኑን የሚያሳይ ስለ ሆነ፣ ፈታኞቹ ነጥቡን ሰጡት። በንግድ ቤት ያደገ ሠራተኛ ከተማረው ይልቅ የሠራውን ቢናገር የሚሻለው ስለዚህ ነው። «ሁሉን ሠርቻለሁ» የሚለው መልስ ግን የትም አያደርስም፤ ፈታኙ የሚጽፈው ነገር አያገኝበትምና።

«የቀድሞ ሥራዎን ለምን ይለቃሉ?» የሚለው ጥያቄም አይቀርም። አሠሪውን ማማት የጀመረ አመልካች ነገ ደግሞ እኛን ያማል ተብሎ ይገመታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። «ስንት ደመወዝ ይፈልጋሉ?» በተባለ ጊዜ፣ በአገራችን ጨዋ ሰው ስለ ራሱ ዋጋ መናገር እንደ ነውር ስለሚቈጥረው፣ ብዙዎቹ «እናንተ እንደ ፈቀዳችሁ» ብለው ይመልሳሉ። ይህ ትሕትና በቤተ ዘመድ ዘንድ ያስመሰግን ይሆናል፤ በኩባንያ ዘንድ ግን «የመነሻውን ደመወዝ ስጡኝ» እንደ ማለት ይተረጐማል። ሌሎቹ ደግሞ የሚጠይቁት ገንዘብ ያልተጣራ ይሁን የተጣራ ሳይለዩ አንድ ቍጥር ይጠራሉ፤ ብርቱው ጉዳት የሚደርሰውም በዚህ ነው።

ነገሩን በቍጥር ለማሳየት ያህል፣ አንድ የሒሳብ ጸሐፊ በሚሠራበት ንግድ ቤት በወር 12,000 ብር በእጁ ይቀበላል እንበል። ትልቁ ኩባንያም 15,000 ብር እንሰጥሃለን ቢለው፣ 3,000 ብር አተረፍሁ ብሎ ደስ ይለዋል። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ እስከ 2,000 ብር ያለው ነፃ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ባለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ባለው 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ባለው 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ባለው 30 በመቶ፣ ከ14,000 በላይ ባለው ደግሞ 35 በመቶ ይከፈላል። በዚህ መሠረት በ15,000 ብር ላይ የሚቈረጠው የሥራ ግብር 3,200 ብር ነው። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ሲታሰብ 1,050 ብር ይሆናል። እንግዲህ በእጁ የሚገባው 10,750 ብር ብቻ ነው፤ ጨመረ ያለው ደመወዝ 1,250 ብር ቀነሰ ማለት ነው። ቀድሞ ይቀበል የነበረውን 12,000 ብር በእጁ ለማግኘት የሚያስፈልገው ያልተጣራ ደመወዝ ከ17,150 ብር ጥቂት ከፍ ይላል። ይህን ሒሳብ በቤቱ ሠርቶ የሄደ አመልካች ሲጠየቅ አያፍርም፤ «ያልተጣራ ደመወዝ ከ18,000 ብር ባያንስ ለመሥራት ፈቃደኛ ነኝ» ብሎ ረጋ ብሎ ይናገራል።

በሌላ በኩል ኩባንያው በራሱ ወገን 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ስለሚጨምር፣ በ15,000 ብር ደመወዝ ላይ በየወሩ በሠራተኛው ስም 2,700 ብር ይገባል። በንግድ ቤቱ መዝገብ ስሙ ያልተመዘገበ ሰው ይህ አይገኝለትም። የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ስለሚያስፈልግ፣ ዕድሜው የገፋ ሠራተኛ ሁለቱን ሲያመዛዝን ይህንንም አብሮ ማሰብ ይገባዋል።

ደግሞም 15,000 ብር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። 10,000 ብር ደመወዝና 5,000 ብር አበል የተባለ እንደ ሆነ፣ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 መሠረት የትራንስፖርት፣ የውሎ አበልና ይህን የመሰለው ክፍያ እንደ ደመወዝ አይቈጠርም። ስለዚህ የስንብት ክፍያ በሚታሰብበት ጊዜ መሠረቱ 10,000 ብር ብቻ ይሆናል።

አሁን ነጋዴውን በቀጥታ ወደሚነካው ነጥብ ደርሰናል። ብዙዎቹ ትልልቅ ድርጅቶች በማስታወቂያቸው ላይ ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ ማስረጃ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚገልጽ እንዲሆን ይጠይቃሉ። አዋጁም ቢሆን ሠራተኛው ሲለቅ ወይም በጠየቀ ጊዜ፣ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የሚከፈለውን ደመወዝ የሚገልጽ ማስረጃ አሠሪው ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያስገድዳል። እንግዲህ ከላይ የተጠቀሰው ጸሐፊ በእጁ 12,000 ብር እየተቀበለ፣ አሠሪው ለግብር መሥሪያ ቤት ያስታወቀው 6,000 ብር ቢሆን ምን ይሆናል? የምስክር ወረቀቱ 6,000 ብር ይላል። የኩባንያው ሹምም ወረቀቱን አይቶ «የቀድሞ ደመወዝዎ 6,000 ብር ሆኖ ሳለ እኛ ከእጥፍ በላይ ሰጥተንዎታል፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?» ይለዋል። እውነቱን ቢናገር እንጀራ ያበላውን አሠሪውን ከሰሰ፤ ዝም ቢል ከገቢው 1,250 ብር አጕድሎ ይፈርማል። ጭራሹን ያልተመዘገበ ከሆነ ደግሞ የዐሥር ዓመት ሥራው እንዳልተሠራ ተቈጥሮ ከጀማሪ ጋር ይሰለፋል። ነጋዴው ይህን ሲያደርግ የቈጠበው ግብር ከሠራተኛው የወደፊት ዋጋ ላይ የተወሰደ ነው፤ ሕጉን መተላለፉ ሳይነሣ ማለት ነው። «ሠራተኛዬ ወረቀት አጥቶ አይሄድብኝም» ብሎ በዚህ የሚተማመን ነጋዴም ቢኖር ተሳስቷል፤ ወረቀት ያጣ ሠራተኛ አንድ ቀን ሳይሰናበት የሚጠፋው ነውና።

የፈተናው ውጤት መልካም ሆኖ «አልፈሃል» የሚል ስልክ ቢደወልም፣ አመልካቹ የተፈረመ ወረቀት በእጁ ሳይገባ የቀድሞ ሥራውን መልቀቅ አይገባውም። ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ እንደ ሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፍሬ ነገሩን የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ እንዲሰጥ ሕጉ ያዝዛል። በውሉ ላይ ተለይተው ሊታዩ የሚገባቸው የሥራው ዓይነትና ቦታ፣ የደመወዙ ልክና የሙከራው ጊዜ ናቸው። የሥራውን ቦታ ሳያነቡ ፈርመው፣ አዲስ አበባ እንሠራለን ሲሉ ሞጆ ወይም ድሬዳዋ የተመደቡ ሰዎች ታይተዋል። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ብቁ አይደለም የተባለ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊሰናበት ይችላል። ስለዚህ የቀድሞ አሠሪውን አስቀይሞ የወጣ ሰው እነዚህን ቀኖች በጭንቀት ይቈጥራቸዋል።

ለሥራ መሪነት የሚወዳደር ሰው ግን አንድ ነገር ለይቶ ይወቅ፤ የተጠቀሰው አዋጅ የሥራ መሪዎችን አይመለከትም። ሥራ አስኪያጅ ወይም የመምሪያ ኀላፊ ሆኖ የሚቀጠር ሰው በዚህ አዋጅ ውስጥ ያሉት የዓመት ፈቃድና የማስጠንቀቂያ ጊዜ ይጠብቁኛል ብሎ መተማመን የለበትም። ውሉ ላይ ያላስጻፈውን ነገር በኋላ ለማግኘት ይቸገራል። ከደመወዙ ይልቅ ስለ ማስጠንቀቂያው ጊዜ ርዝመት ቢደራደር ብዙ ጊዜ የተሻለ ይጠቅመዋል።

የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በገዛ ፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ ሳይሰጥ ቢሄድ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል። ትልቁ ኩባንያ «ሰኞ ሥራ ጀምር» ቢልም እንኳ፣ አብዛኞቹ ስለዚህ ግዴታ በግልጽ ሲነገራቸው ይታገሣሉ፤ ለነገሩ እነርሱም ከሚለቁባቸው ሠራተኞች ይህንኑ ይጠብቃሉ። ነጋዴውም እነዚህን 30 ቀኖች በቅሬታ ከማሳለፍ ይልቅ፣ ዕቃው ከቢን ካርዱ ጋር ተቈጥሮ እንዲመሳከር፣ የደንበኞች ዱቤ በስም በስሙ ተጽፎ እንዲፈረምበት፣ የሣጥኑና የግምጃ ቤቱ ቍልፎችም በምስክር ፊት ለተተኪው እንዲተላለፉ ቢያደርግባቸው፣ የምስክር ወረቀቱን በመጨረሻው ቀን ከርክክቡ ሰነድ ጋር በአንድ ፖስታ ሊሰጠው ይችላል።