ስልሳ ሰው ባለበት ግሩፕ ብቻዬን ነኝ

ጥያቄ፦ ደሴ ሆኜ ሁለተኛ ዲግሪዬን በኦንላይን እማራለሁ። በቴሌግራም ግሩፓችን 60 ተማሪዎች ብንኖርም ከፒዲኤፍና ከ«እናመሰግናለን» በቀር የሚጻፍ የለም። ካሜራ የሚከፍትም የለም። ብቸኝነቱ ትምህርቱን ሊያስተወኝ ነው፤ ምን ይሻለኛል?
ቲ.፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ችግሩ የእርስዎ ድክመት አይደለም። በግቢ ትምህርት ጓደኝነት የሚጠነክረው በካፌ ሰልፍና ማስታወሻ በመዋዋስ ነው፤ ኦንላይን ላይ ግን ሆን ተብሎ ካልተፈጠረ አይኖርም። የርቀት ትምህርት ተመራማሪው ማይክል ሙር እ.ኤ.አ. በ1989 ተማሪ ከትምህርቱ፣ ከመምህሩና ከሌሎች ተማሪዎች ጋር የሚያደርጋቸውን ሦስት ግንኙነቶች ለይተው ጽፈዋል። እርስዎ የጎደለዎት ሦስተኛው ነው።

ስልሳ ሰው ፊት ቀድሞ መናገር ለማንም ይከብዳል። ስለዚህ ግሩፑን ለማነቃቃት አይድከሙ፤ ሦስት ወይም አራት ሰው ይበቃዎታል። በግል ሲጽፉላቸው «እንተዋወቅ» ከማለት «ሁለተኛው አሳይመንት ከብዶኛል፤ ሐሙስ ማታ አብረን እንየው?» ቢሉ መልስ የማግኘት ዕድልዎ ይሰፋል። ቀኑ እንደ ዕቁብ ቀን የማይዘለል ይሁን። ካሜራውን ይተውት፤ ዳታ ይበላል፣ ቤቱን ማሳየት የማይፈልግም አለ። የድምፅ መልእክት ይበቃል። «ከደሴና ከኮምቦልቻ ማን አለ?» ብለውም ይጠይቁ፤ አንድ ቀን ቡና አብሮ መጠጣት የወራት ጽሑፍ የማያመጣውን መቀራረብ ያመጣል። መምህሩንም የቡድን ሥራ እንዲሰጡ በትሕትና መጠየቅ ይችላሉ።

እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ ወይም ተስፋ መቁረጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ በአቅራቢያዎ ባለ ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ባለሙያ ያማክሩ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን አንድ ቀንም አይጠብቁ።