አሳዳጊ ወላጆች በአዲስ አበባ፦ የጉዲፈቻ የጥበቃ ቀናት ለልጁ ምን ትተውለት ሄዱ?



ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ወደ ቁምስናዎቻችን አዲስ ዓይነት ጠያቂ መምጣት ጀምሯል። መልኩ የእኛው ነው፤ ስሙ ግን ግማሹ የኢጣሊያ፣ የስፔን፣ የፈረንሳይ ወይም የአሜሪካ ነው፤ አማርኛም አይችልም። በእጁ የአንድ ፍርድ ቤት ውሳኔ ቅጂ፣ ጥቂት ፎቶግራፎች፣ ምናልባትም በላቲን ፊደል የተጻፈ የቀበሌ ስም ይዟል። የሚፈልገው ወላጅ እናቱን፣ አያቱን ወይም የተጠመቀበትን ቤተ ክርስቲያን ነው። ካህኑ በአገልግሎት ወደ ሌላ ሥፍራ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል፣ ብዙውን ጊዜ እንግዳውን በመጀመሪያ የሚቀበለው ካቴኪስቱ ነው።

በዚህ እትም ስለ ውጭ ሀገር ጉዲፈቻ የሚደረገውን ሰፊ ክርክር ሁሉ ለማንሣት አላሰብንም። የምናጠናው አንድ ጠባብ ነገር ነው፤ ይኸውም አሳዳጊ ወላጆች ልጁን ተቀብለው እስኪመለሱ ድረስ በአዲስ አበባ ያሳለፏቸው ቀናትና ሳምንታት ናቸው። እነዚያ ቀናት ሁለቱ ቤተሰቦችና ሁለቱ ሀገሮች ፊት ለፊት የተገናኙባቸው ብቸኛ ቀናት ነበሩ። ዛሬ ወጣቱ በእጁ የያዘውም ሆነ በእጁ የሌለው ነገር የተወሰነው በአመዛኙ በዚያን ጊዜ ነው።

በቅድሚያ ስለ ሕጉ ጥቂት እንበል። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ከኦሮምኛ የተወሰደ ሲሆን የሌላውን ልጅ እንደ ራስ ልጅ አድርጎ ማሳደግን ያመለክታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅ እንደ አሳዳጊው ልጅ እንደሚቆጠር ይደነግጋል። ሆኖም በቁጥር 183 ላይ ልጁ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደማይቋረጥ ይናገራል፤ ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዱን መምረጥ ግድ በሚሆንበት ጊዜ ብቻ የአሳዳጊው ቤተሰብ ቅድሚያ ያገኛል። ልጆቹ የሄዱባቸው አብዛኞቹ የምዕራብ ሀገሮች ግን በሕጋቸው የቀድሞውን ዝምድና ፈጽመው ይቆርጣሉ። እንግዲህ አንድ ልጅ አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ሁለት ቤተሰብ ነበረው፤ ከወረደ በኋላ ግን በሕግ ዓይን አንድ ብቻ ቀረው ማለት ነው። ይህን ልዩነት ለወላጅ እናቲቱ ማን አስረዳት? ወደዚህ ጥያቄ እንመለሳለን።

ቁጥሩም ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2010 ብቻ ወደ አሜሪካ የሄዱት ልጆች ከ2,500 በላይ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ እስከ እገዳው ድረስ ወደዚያች ሀገር የሄዱት በድምሩ ከ15,000 ይበልጣሉ። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን የሚመረምራቸውን ጉዳዮች ወደ አምስት ዝቅ አደረገ። በመጨረሻም በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕጉን አሻሽሎ የውጭ ሀገር ዜጎች ኢትዮጵያውያን ልጆችን በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ ከለከለ። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርም የውጭ ሀገር ጉዲፈቻን የሚቀበለው ሌላው ሁሉ ሲታጣ እንደ መጨረሻ አማራጭ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቀናቱ እንግባ። ከግንቦት 2002 ዓ.ም. ጀምሮ አሳዳጊዎች ራሳቸው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እንዲቀርቡ ስለታዘዘ፣ ብዙዎቹ ሁለት ጊዜ መመላለስ ነበረባቸው፤ አንደኛው ለችሎት፣ ሁለተኛው ልጁን ለመውሰድ ነው። ከውሳኔው በኋላ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፓስፖርት፣ የሐኪም ምርመራና ቪዛ ይከተላል። ፍርድ ቤቱ በክረምት ለዕረፍት ሲዘጋ ደግሞ ሁሉም ነገር ይቆማል። ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ እሑድ እሑድ ለቅዳሴ ይመጡ ስለነበር፣ እኛም አልፎ አልፎ በእንግዳ ማረፊያቸው እንጎበኛቸው ስለነበር፣ ኑሯቸውን በመጠኑ ለማየት ችለናል።

ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለች ከተማ የመጀመሪያዎቹ ቀናት በራስ ምታትና በድካም ያልፋሉ። መብራት ይጠፋል፤ ውሃ በጀሪካን ይቀርባል፤ ከቢሮው «ነገ ኑ» የሚል መልስ ይመጣል፤ ነገ ደግሞ እነርሱ የማያውቁት በዓል ይሆናል። ሕፃኑን በደረታቸው ላይ አስረው ወደ ገበያ ሲወጡ እናቶች መንገድ ላይ ያስቆሟቸውና «ብርድ ይመታዋል» እያሉ በነጠላቸው ያለብሱታል፤ አንዳንዷም በጀርባ ማዘልን ታስተምራለች። ፈረንጆቹ መጀመሪያ ይህን እንደ ተግሣጽ ይቆጥሩታል። ቆይተው ግን መንደሩ ሁሉ ለልጁ ኃላፊነት እንደሚሰማው የተረዱ አሉ፤ ሳይረዱ የሄዱም አሉ።

ሰዓቱ ራሱ ፈተና ነበር። በሦስት ሰዓት ቅረቡ የተባሉ ሰዎች ከቀትር በኋላ በሦስት ሰዓት ሲደርሱ፣ ጉዳዩ ከጠዋቱ ተጠርቶ አልፏል። የዘመን አቆጣጠሩ ደግሞ ከዚህ የባሰ መዘዝ አለው። በ1998 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን በውጭ ሀገር ሰነድ ላይ ያንኑ ቁጥር ይዞ ቢገባ፣ ሳያድግ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያረጃል። የዝምድና ስሞቻችንም ለኤምባሲ ቃለ መጠይቅ አይመቹም፤ እኛ ያጎታችንን ልጅ «ወንድሜ» እንላለን፣ ያሳደገንን አያት «አባዬ» እንላለን፣ ጎረቤቲቱን «እማዬ» እንላለን። ይህን የማያውቅ ጸሓፊ «አባቱ በሕይወት አለ» ብሎ ሊመዘግብ ይችላል፤ ወይም የሌለ ወንድም ይፈጥራል። ዛሬ ወጣቱ ይዞት የሚመጣው ሰነድ አብዛኛው በዚህ መንገድ የተጻፈ መሆኑን ካቴኪስቶች ሊያስቡበት ይገባል። ሰነዱ ሐሰት ነው ብሎ ለመደምደም አይቸኩሉ፤ እያንዳንዱን የዝምድና ቃል ግን በአማርኛ መልሰው ይመርምሩት።

ከሁሉ የሚከብደው የሌሊቱ ነበር። አራት ወይም አምስት ዓመት የሞላው ልጅ አልጋ አልለመደም፤ ወለል ላይ ይተኛል፤ ዳቦ ከትራሱ ሥር ይደብቃል። አዲሲቱን እናት ትቶ በእንግዳ ማረፊያው የምትሠራዋን ሴት ቀሚስ ይዞ አይለቅም፤ ቋንቋውን የምታውቀው እርሷ ናትና። በዚህ ጊዜ የአሳዳጊዎቹ ጠባይ በግልጽ ይለይ ነበር። አንዳንዶች ቅናት ይይዛቸውና ሴትዮዋን ከልጁ ያርቃሉ፤ ልጁም ዝም ይላል፤ እነርሱም ዝምታውን እንደ መረጋጋት ይቆጥሩታል። አስተዋዮቹ ግን ከሠራተኛዋ አጠገብ ተቀምጠው፣ ቡና እየተፈላ፣ «ምን አለ? ምን ብሎ ጠየቀ?» እያሉ በደብተር ይጽፋሉ። ልጁ ስለ አንዲት ላም፣ ስለ አንድ ወንዝ፣ ሰንበቴ ስለሚጠጣበት ቤት ይናገራል። ከዓመት በኋላ አማርኛው ከአፉ ይጠፋል፤ የተጻፈው ግን ይኖራል። ከእነዚህ ደብተሮች አንዱን ይዞ የሚመጣ ወጣት ሰፈሩን የማግኘት ተስፋው በብዙ እጥፍ የሰፋ ነው።

ጥቂት ቃላት የሚማሩም ነበሩ። «ና»ን ለሴት ልጅ፣ «ነይ»ን ለወንድ እያሉ ቢያስቁም፣ «አይዞህ» የሚለውን የተማረ አባት ከሁሉ የበለጠ ሥራ ሠርቷል እንላለን። ለዚህ ቃል በብዙ ቋንቋ ትክክለኛ አቻ የለውም።

አሁን ወደ ተውነው ጥያቄ እንመለስ። በቆይታው መካከል አሳዳጊዎች ወላጅ እናትን ወይም ዘመድን የሚያገኙበት ቀን ነበር፤ ይህ ግንኙነት ብዙ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት አይበልጥም። በመካከል አስተርጓሚ ይቆማል። ፈረንጆቹ «እንደ ራሳችን ልጅ ለዘለዓለም እናሳድገዋለን» ይላሉ። አስተርጓሚው በቅንነት «ያሳድጉልሻል» ብሎ ይተረጉማል። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ቃል መካከል ያለችውን «ል» ልብ በሉ። «ያሳድጉታል» ሌላ ነው፤ «ያሳድጉልሻል» ሌላ ነው። የመጀመሪያው ልጁ የእነርሱ እንደሚሆን ይናገራል፤ ሁለተኛው ግን ላንቺ ሲሉ፣ በአንቺ ፈንታ ያሳድጉታል፣ ሲያድግም ያንቺው ነው ማለት ነው። ለእናቲቱ የመሰላት ልጇን ለትምህርት ወደ ከተማ ዘመድ እንደምትልክ ነው፤ እንዲህ ያለው ነገር በሀገራችን የተለመደ ነውና። ለአሳዳጊዎቹ ደግሞ እናቲቱ ሁሉን አውቃ የፈቀደች መሰላቸው። ሁለቱም ወገን ተላቅሶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ተባርኮ ተለያየ። በአንድ ፊደል ምክንያት አንዷ በየዓመቱ ደብዳቤ ስትጠብቅ፣ ሌሎቹ ጉዳዩ ተዘጋ ብለው ኖሩ። ስለዚህ የደብዳቤው መቋረጥ ለእናቲቱ የተበላ ቃል ኪዳን ነው።

ማታለልና የገንዘብ ጥቅምም እንደነበረ አንክድም፤ እገዳው የመጣውም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ክፉ ሰው ባልነበረበት ጉዳይ እንኳ ይህን የሚያህል ጉዳት ሊደርስ እንደቻለ ማወቅ ለትምህርታችን የበለጠ ይጠቅማል።

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 2 የምናገኘው የሙሴ ታሪክ በዚህ ረገድ ሲታይ ብዙ ያስተምራል። በክፍል ስናስተምረው ብዙ ጊዜ በቅርጫቱና በወንዙ ላይ እናተኩራለን። እኅቱን ግን እንመልከት፤ ልጁ ምን እንደሚደርስበት ለማወቅ ከሩቅ ቆማ ትጠብቃለች፤ በሁለቱ ቤቶች መካከልም ቃል የምታመላልሰው እርሷ ናት። በእርሷ አማካይነት ወላጅ እናቱ ራሷ ሞግዚት ሆና በደመወዝ ታጠባዋለች፤ ካደገ በኋላም ለፈርዖን ልጅ ትመልሰዋለች፤ ልጅም ይሆንላታል። ሙሴ በጎለመሰ ጊዜ ወደ ወንድሞቹ ሊወጣ የቻለው ወንድሞቹ እነማን እንደሆኑ በማወቁ ነው። ልጆቹን ስታስተምሩ የእኅቲቱን ሥራ የዛሬው ካቴኪስት ሥራ አድርጋችሁ ብታሳዩአቸው ታሪኩን አታጣምሙትም።

እንግዲህ ጠያቂው ሲመጣ ምን ይደረግ? ከሁሉ አስቀድሞ «እናትህን እናገኛታለን» ብለን ተስፋ አንስጥ። በተጨማሪም እናቲቱ ከዚያ ወዲህ ባል አግብታ፣ ሌሎች ልጆች ወልዳ፣ የቀደመውን ለማንም ሳትናገር የምትኖር ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ በሰንበት ጉባኤ ማስነገር፣ ፎቶግራፉን በመንደር ማዞር፣ ዘመድ ሰብስቦ በድንገት መግባት ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። በሰፈሩ የምትከበርና ምሥጢር የምትጠብቅ አንዲት እናት ለብቻዋ ሄዳ ትንገራት፤ መልሱም የእናቲቱ ይሁን። እምቢ ካለች፣ እምቢታውን ለወጣቱ በለሰለሰ ቃል መንገር የእኛ ፋንታ ነው። ከቻለ አንድ ደብዳቤና የዛሬ ፎቶግራፉን በቁምስናው ይተው፤ ከዓመታት በኋላ ሐሳቧን የለወጠች እናት ወዴት እንደምትሄድ ታውቃለች። አስተርጓሚውም የተመረጠ ሰው ይሁን፤ ስለ «ል» የተናገርነው ለእርሱም ነው። ከሁለቱ የትኛዋ እውነተኛ እናት ናት ለሚሉም ቋንቋችን መልስ አለው፤ አንዷ ወላጅ እናት፣ ሌላዪቱ አሳዳጊ እናት ናት፤ ወጣቱም በሁለቱ መካከል እንዲመርጥ ማንም አይገፋው።

ስለ ጥምቀት መዝገብ በተደጋጋሚ እንጠየቃለን። የላቲን ሥርዓት የቀኖና ሕግ በቁጥር 877 ንዑስ 3፣ የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕግም በቁጥር 689፣ የጉዲፈቻ ልጅ ሲጠመቅ የአሳዳጊዎቹ ስም እንዲጻፍ፣ በሀገሩ የመንግሥት መዝገብ እንዲህ የሚደረግ ከሆነም የወላጆቹ ስም አብሮ እንዲጻፍ ያዝዛሉ። ከጉዲፈቻው በፊት የተጠመቀ ልጅ መዝገቡ እንዳለ ይጠበቃል፤ የቀድሞው ስም አይፋቅም፤ አዲሱ ስምና የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ቀን በኅዳጉ ላይ ይጨመራል። መዝገቡንም ለጠያቂው ገልጦ ማሳየት አይገባም፤ በአንድ ገጽ ላይ የሌሎች ሰዎች ምሥጢርም አለና። ቅጂ የሚሰጠው ቆሞሱ ነው፤ ካቴኪስቱ ጥያቄውን በጽሑፍ ተቀብሎ፣ የልጁን የቀድሞ ስም፣ የክርስትና አባት ወይም እናት ስም የሚታወቅ ከሆነም እርሱን፣ ዓመቱንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስልቶ ያቀርብለታል። የክርስትና አባትና እናት ብዙ ጊዜ በዚያው ሰፈር ስለሚገኙ ፍለጋውን ከእነርሱ መጀመር ይቀላል። የመንግሥት ክልከላ የሚመለከተው የውጭ ሀገር ዜጎችን በመሆኑ፣ በሀገር ውስጥ ልጅ ለሚቀበሉ የቁምስናችን ባልና ሚስቶችም የመዝገቡ ሥርዓት ይኸው ነው።