የጎመን ምንቸት
የስኳር በሽታ ያለበት ሰው አትክልትን ወዶ መብላት እንዲለምድ

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ባላገሩ «ጎመን ምንቸት ውጣ፤ ገንፎ ምንቸት ግባ» ይላል። ይህንም ማለቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ሲጎድል፥ አዲሱም እህል ገና በእርሻ ላይ ሳለ፥ ቤተ ሰቡን የሚያቆየው በጓሮ የበቀለው ጎመን ነበረና፥ ጎመን በሰው አሳብ ከችግር ጋራ ተቈራኝቶ ቀረ። ለእንግዳ ጎመን ብቻ ማቅረብ ያሳፍራል። ስለዚህ ሐኪም የስኳር በሽታ ላለበት ሰው «ከእንግዲህ ወዲህ አትክልት አብዛ» ብሎ ሲያዝዘው፥ በሽተኛው ድህነት እንደ ተፈረደበት አድርጎ ይቈጥረዋል። የዚህም ትምህርት ነገር ይኸው ነው፤ አትክልትን ወዶ መብላት የሚለመድ ነገር መሆኑን መግለጥ ነው።

አስቀድሞ የበሽታው ጠባይ ይታወቅ። ሰው የሚበላው እንጀራ፥ ዳቦ፥ ቆሎ፥ ገንፎና ድንች በሆድ ውስጥ ከደቀቀ በኋላ አብዛኛው ወደ ስኳር ተለውጦ ወደ ደም ይገባል። ከጨጓራ በስተኋላ ያለው ቆሽት የሚባለው ብልት ደግሞ ኢንሱሊን የሚባል ፈሳሽ ያመነጫል፤ ይህም ስኳሩ ከደም ወጥቶ ወደ ሰውነት እንዲገባ በር የሚከፍት ቁልፍ ነው። ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨቱን ያቋረጠ እንደ ሆነ፥ ወይም ሰውነት ለኢንሱሊኑ አልታዘዝ ያለ እንደ ሆነ፥ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል። ሌሊቱን ሳይበላ ያደረ ሰው ደሙ ሲመረመር በአንድ ዴሲሊትር 126 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ስኳር ቢገኝበት፥ ምርመራውም ተደግሞ እንደዚሁ ቢሆን፥ የስኳር በሽታ አለበት ይባላል። በጎልማሳና በሽማግሌ ላይ በሽታው ብዙ ጊዜ ያለ ሕመም ስለሚጀምር ይናቃል። ነገር ግን ዓመታት ሲያልፉ ዓይንን ያፈዛል፥ ኵላሊትን ያደክማል፥ የእግርንም ስሜት ያጠፋል፤ እሾህ የወጋው እግር ለባለቤቱ ሳይታወቀው ቈስሎ እስከ መቈረጥ ይደርሳል።

ቅጠላ ቅጠል በዚህ ነገር ከእህል ይለያል። በ100 ግራም የስንዴ ዳቦ ውስጥ ወደ ስኳር የሚለወጠው ነገር 50 ግራም ያህል ሲሆን፥ በ100 ግራም የተቀቀለ ጎመን ውስጥ ግን አሰሩ ጭምር ተቈጥሮ 6 ግራም ያህል ብቻ ነው። አሰር የሚባለው ሆድ የማያደቅቀው የቅጠሉ ክፍል ነው፤ ሆድን ይሞላል፥ አብሮት የተበላውም ምግብ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል። ስለዚህ አትክልቱን አስቀድሞ እንጀራውን አስከትሎ የበላ ሰው፥ ያንኑ ምግብ በተገላቢጦሽ ከበላው ይልቅ ከማዕድ በኋላ የደሙ ስኳር ዝቅ ብሎ ይገኛል። ድንች፥ ስኳር ድንችና በቆሎ ምንም እንኳ ከጓሮ ቢለቀሙ በዚህ ሒሳብ ከእንጀራ ወገን ይቈጠራሉ እንጂ ከጎመን ወገን አይደሉም።

ሐኪሞች የሳሕኑን ግማሽ ለአትክልት፥ ሩቡን ለእንጀራ ወይም ለዳቦ፥ የቀረውን ሩብ ለሥጋ፥ ለእንቍላል ወይም ለጥራጥሬ ወጥ እንዲሰጡ ያዝዛሉ። በኢትዮጵያ ግን እንጀራው ራሱ ሳሕን ሆኖ ከሥር ስለሚነጠፍ፥ ሰው ምን ያህል እንደ በላ አያውቀውም። ለበሽተኛው የእንጀራው ድርሻ ተለክቶ ተጠቅልሎ ቢሰጠው፥ አትክልቱም በእርሱ በኩል ተከምሮ ቢቀርብ፥ ከመሶቡ ሳይለይ ልኩን ያውቃል።

አትክልትን እንደ ቅጣት መብላት በኢትዮጵያ ብቻ የታየ ነገር አይደለም። ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት በአሜሪካ አገር በኒውዮርክ ዶክቶር ፍሬደሪክ አለን የሚባሉ ሐኪም በሽተኞቻቸውን ምግብ በመከልከል ያክሙ ነበር፤ የሚፈቀድላቸውም አትክልት ሦስት ጊዜ እየተቀቀለ፥ ውኃውም ሦስት ጊዜ እየተደፋ፥ ከስኳሩ ጋራ ጣዕሙም የጠፋ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1921 ዓ.ም. በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ፍሬደሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ኢንሱሊንን አወጡ፤ በ1922 ዓ.ም. መጀመሪያም ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ተወግቶ ሕይወቱን አተረፈ። ከዚያ ወዲህ ያ ሦስት ጊዜ የመቀቀል ሥርዓት ቀረ። በብዙ ቤት ግን ዛሬም ለበሽተኛ የሚቀርበው ጎመን ከዚያ ብዙ የሚሻል አይደለም።

አንድ በሽምግልናው የተከበረ ባላገር ነበረ። ከጤና ጣቢያ በሽታው ታውቆለት በተመለሰ ጊዜ ሚስቱ በትንሽ ምንቸት ለብቻው ጎመን ትቀቅልለት ጀመር። ሽንኩርት የለው፥ ቃሪያ የለው፥ ቅጠሉም እስኪጠቍር ድረስ በእሳት ላይ የሰነበተ ነበር። ቤተ ሰቡ መሶቡን ከቦ ወጥ ሲበላ፥ እርሱ በመደብ ላይ ለብቻው ተቀምጦ ያንን ያላምጣል። ሁለት ሳምንት ታገሠ፤ በሦስተኛው ምንቸቱን ገፋው። ሚስቱም «አንቱ፥ ሐኪሙ ያዘዘውን ይተዋሉን?» ብትለው፥ «ይህን እየበሉ ከመኖር ሳይበሉ መሞት ይሻላል» አላት። ከዚያ በኋላ ያሻውን ይበላ ነበር። ጥቂት ወራትም ሳይቈይ የእግሩ አውራ ጣት ቈሰለ፤ እርሱ ግን ሕመሙ አልተሰማውም፤ ያየችው ልታስታምመው የመጣች ልጁ ናት።

ልጁም ቍስሉን በጤና ጣቢያ ካሳጠበች በኋላ ወደ ማዕድ ቤት ገባች። «እናቴ፥ ይህች ትንሽ ምንቸት ትቀመጥ» አለችና በትልቁ ድስት ለቤተ ሰቡ ሁሉ ሠራች። የጎመኑን ለጋ ቅጠል ለይታ አጠበችው፤ አድቅቃ ከተፈችው፤ ቀይ ሽንኩርት በጥቂት ዘይት አቍላልታ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨመረችበት፤ ቅጠሉ ሲለሰልስ፥ አረንጓዴነቱ ገና ሳይጠፋ፥ ቃሪያ ጣል አድርጋ አወረደችው። ሽማግሌው ግን እጁን አልዘረጋም። ያን ጊዜ የልጅ ልጁን በጆሮው ነገረችው፤ ሕፃኑም ጠቅልሎ «አባባ፥ አንድ ጉርሻ ብቻ» ብሎ ወደ አፉ አቀረበለት። ጉርሻ ደግሞ እንቢ አይባልም። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። ከጾም ውጭ አንድ ቀን በአይብ፥ አንድ ቀን ከቀይ ሥጋ ጋራ ሥጋው እያነሰ ጎመኑ እየበዛ፥ በጾም ጊዜ በሎሚ እየቀረበለት፥ በወሩ ራሱ እየቈረሰ ይበላ ጀመር። ቍስሉም በብዙ ትጋት ዳነ። መስከረም ሲጠባ ልጆቹ «ጎመን ምንቸት ውጣ» ቢሉ፥ «የእኔዋ ግን ትቈይ» ብሎ ሳቀ።

ይህ የሆነው ጎመኑ ስለ ተለወጠ ብቻ አይደለም። ምላስ ተማሪ ነው። ሕፃን አዲስ አትክልት ሲቀርብለት ይተፋዋል፤ ከ8 እስከ 15 ጊዜ ያህል ያለ ቍጣ ቢቀርብለት ግን ብዙውን ጊዜ ይቀበለዋል፤ ሽማግሌም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ሽማግሌ ለመትፋት ማፈሩ ብቻ ነው። የኮንሶ ሰዎች የሽፈራውን ቅጠል ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ከሚድቦለቦለው ኩርኩፋ ጋራ በየቀኑ ወደው ይበሉታል፤ ያልለመደው እንግዳ ግን መራራ ነው ይላል። የጎመንም ሽታ የሚከፋው አለቅጥ ሲበስል ነው፤ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ድኝ መሰል ነገር የሚሸተው እሳት ሲበዛበት ነውና። እንግዲህ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የአብሳዩ ሆኖ ሳለ ጎመኑ ይወቀሳል።

መምህሩ በትምህርት ቤቱ ጓሮ ጎመን፥ ካሮት፥ ቀይ ሥርና ቆስጣ ቢያስተክል መልካም ነው፤ ልጅ ያጠጣውን ተክል ለመቅመስ ይቸኵላልና፥ ወደ ቤቱም ይዞት ይገባል። ጥሬውን የሚበላ ሁሉ በንጹሕ ውኃ ደኅና አድርጎ ይጠበው።

ነገር ግን አትክልት የመድኃኒት ምትክ አይደለም፤ በገበያ «ስኳርን ፈጽሞ ያድናል» እየተባለ የሚሸጠውን የቅጠል ዱቄት አምኖ መድኃኒቱን የተወ ሰው ራሱን ይጎዳል። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ክኒን የሚውጥ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እንጀራውን በድንገት ቢቀንስ ወይም ቢጾም፥ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድበት ይችላል፤ ያልበዋል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ነገሩም ይዘባረቅበታል። ያን ጊዜ የሚሰጠው ጎመን አይደለም፤ በውኃ የተበጠበጠ ስኳር ወይም ማር ነው። ራሱን ለሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይደረግ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ደግሞም በትምህርት ቤት ያለ ልጅ ውኃ እያዘወተረ ሲጠጣ፥ ለሽንትም እየደጋገመ ሲወጣ፥ እየበላም ሲከሳ ቢታይ፥ መምህሩ ነገ ሳይል በዚያው ቀን ወላጆቹን ጠርቶ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲያደርሱት ይንገራቸው፤ በልጅ ላይ ይህ በሽታ በጥቂት ቀን ውስጥ ይገድላልና።