ገዝቼ ያስቀመጥኳቸው መጻሕፍት

ጥያቄ፦ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ፤ መጽሐፉን ግን ደጋግሜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። «አደፍርስ»ም መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሷል። አንባቢ ነኝ ልበል?

መልስ፦ የወጋየሁ ንጋቱን የሬዲዮ ትረካ መስማትዎ እንደ ንባብ ቢቆጠርልዎ አልከራከርም። አንባቢ የምለው ስላነበበው ነገር የራሱ ሙግት ያለውን ሰው ነው፤ የርእስ ብዛት ብዙም አያስደንቀኝም። ጽሑፉ ግን ትረካው የማይሰጠውን ይሰጣል፤ ጉዱ ካሳ የተባለው ገጸ ባሕርይ ሲናገር ቆም ብለው፣ ወደ ኋላ ተመልሰው መመርመር ይችላሉ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ ልቦለድ ብዙዎችን የሚያደክመው መነሻው ላይ ነው፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ባለታሪኳ ሰብለ ወንጌል ዘንድ ከመድረሳቸው በፊት የባለታሪኩን የበዛብህን ወላጆችና ስለታቸውን በዝግታ ይተርካሉ። ያንን ክፍል አይዝለሉት፤ በዛብህን ኋላ የሚያስጨንቀው ያው ስለት ነውና።

የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ጣጣው ሌላ ነው። ክርክር ይበዛበታል፣ ታሪኩም ቀጥ ብሎ አይወርድም። (አንብበነዋል ከሚሉት ስንቶቹ እንደጨረሱት ባልጠይቅ ይሻላል።) ጮክ ብለው ቢያነቡት ንግግሩ ይቀልልዎታል። ለማሟሻ ከፈለጉ በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመውን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ልብ ወለድ ታሪክ» ይያዙ፤ አጭር ነው፣ አማርኛው ግን ከዛሬው ስለሚርቅ መዝገበ ቃላት አጠገብዎ ይኑር።