የዕቁብ ዕጣ እና የዳይስ ውርወራ፦ «ተራዬ ደርሷል» የሚለው ግምት የት ይሠራል?

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ እና በሻሸመኔ ውጤታቸው ለዕጣ የተተወ ሁለት ልማዶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንደኛው ነጋዴው፣ የባጃጅ ሹፌሩ እና የመንግሥት ሠራተኛው የሚጥሉት ዕቁብ ነው፤ ሁለተኛው ልጆችና ወጣቶች በየደጁ የሚጫወቱት ሉዶ ነው። በሁለቱም ዘንድ ብዙ የጠበቀ ሰው «አሁንስ ተራዬ ደርሷል» ይላል። አባባሉ በዕቁቡ ትክክል ነው፤ በሉዶው ግን ስሕተት ነው። በፕሮባቢሊቲ ትምህርት ስሕተቱን ማረም የተለመደ ቢሆንም፣ ተማሪው ግምቱን ከየት እንዳመጣው መጠየቅ የዚያን ያህል አልተለመደም።

ከዳይሱ መነሣት ይቀላል። ሚዛኑ ያልተዛባ ዳይስ ስድስት ገጾች ስላሉት፣ በአንድ ውርወራ ስድስት የሚወጣበት ዕድል 1/6፣ የማይወጣበት ደግሞ 5/6 ነው። በሉዶ ጠጠርን ከቤት ለማስወጣት ስድስት ያስፈልጋል። በአራት ውርወራ ቢያንስ አንድ ስድስት የማግኘት ዕድል ስንት ነው ሲባል፣ ጀማሪ ተማሪ 1/6ን አራት ጊዜ ደምሮ 4/6 ይላል። በዚህ አካሄድ ሰባት ውርወራ 7/6 ስለሚሰጥ ስሕተቱ ራሱን ያጋልጣል። ትክክለኛው መንገድ አንድም ስድስት የማይወጣበትን አስልቶ ከ1 መቀነስ ነው፤ ውርወራዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ተጽዕኖ ስለሌላቸው ዕድሎቹ ይባዛሉ፦ 1 − (5/6)⁴ = 671/1,296፣ ማለትም 0.518 ገደማ። እ.ኤ.አ. በ1654 ፓስካል ለፌርማ በጻፈው ደብዳቤ የተነሣው የሽቫልዬ ደ ሜሬ ጥያቄም የዚሁ ዘመድ ነው። በአንድ ዳይስ አራት ውርወራ የሚያዋጣ ከሆነ፣ በሁለት ዳይስ ጥንድ ስድስት ለማግኘት ሃያ አራት ውርወራ ለምን አያዋጣም? 4/6 እና 24/36 እኩል ቢሆኑም፣ 1 − (35/36)²⁴ ግን 0.491 ብቻ ነው፤ ከግማሽ በታች ይወርዳል።

አሁን ወደ ዕቁቡ እንምጣ። አሥራ ሁለት አባላት በየሳምንቱ እኩል ገንዘብ ይጥላሉ፤ የያልበሉት ስም በብጣሽ ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ተጠቅልሎ አንዱ ይወጣል። የወጣለት ሰው ወረቀት ዳግመኛ ወደ ዕጣው አይገባም። በመጀመሪያው ሳምንት የእያንዳንዱ ዕድል 1/12 ነው። በሁለተኛው ሳምንት ዕጣ ላይ ያሉት አሥራ አንድ ስለሆኑ 1/11፣ በሦስተኛው 1/10 እያለ ያድጋል። ላዕሉ ሳይነካ ታሕቱ በየሳምንቱ በአንድ ይቀንሳል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የኋለኛው ዕጣ ይሻላል ማለት አይደለም። አንድ አባል ገና ከመጀመሪያው በሦስተኛው ሳምንት የመብላት ዕድሉን ቢጠይቅ መልሱ 11/12 × 10/11 × 1/10 = 1/12 ነው። ለማንኛውም ሳምንት ቢሰላ ያው ነው፤ የዕቁቡ ፍትሐዊነትም ከዚህ ይመነጫል። እያደገ የሚሄደው «እስካሁን አልበላሁም» የሚል ቅድመ ሁኔታ ያለው ዕድል ነው።

ሁለቱ ልማዶች በቁጥር የሚገናኙባት አንዲት ቅጽበት አለች። ስድስት አባላት በልተው ሰባተኛው ዕጣ ሲደርስ፣ የእያንዳንዱ ቀሪ አባል ዕድል ልክ እንደ ዳይሱ 1/6 ይሆናል። በዚያ ሳምንት ዕቁብተኛውና የሉዶ ተጫዋቹ አንድ ዓይነት ቁጥር ፊት ቆመዋል። ሁለቱም ካልቀናቸው ግን ይለያያሉ። ለዕቁብተኛው ቀጣዩ ዕድል 1/5 ነው፣ ከዚያ 1/4፣ በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት 1። ለተጫዋቹ ቀጣዩም፣ መቶኛውም 1/6 ነው። ዕቁብተኛው ከዚያች ሳምንት ጀምሮ በአማካይ 3.5 ሳምንት ይጠብቃል፤ ተጫዋቹ በአማካይ ስድስት ውርወራ። ተጫዋቹ በስድስት ውርወራ አንድም ስድስት የማያይበት ዕድል (5/6)⁶፣ ማለትም 0.335 ገደማ ነው። በአሥራ ሁለት ውርወራም 0.112 ስለሆነ፣ ከዘጠኝ ተጫዋቾች አንዱ ያህል ባዶ እጁን ይቀራል።

ልዩነቱን የሚያመጣው ወረቀቱ ወደ ዕጣው መመለሱ ወይም አለመመለሱ ነው። የዕቁብ ሳጥን ያለፈውን «ያስታውሳል»፤ የወጣው ወረቀት ጎድሏልና። ከዳይሱ ግን ምንም አይጎድልም። ስለዚህ በዕቁብ ያደገ ተማሪ ዳይስ ላይ ሲሳሳት ማሰብ ስላልቻለ አይደለም፤ በአንድ ሥርዓት የተፈተነን ትክክለኛ ስሌት ወደማይመለከተው ሥርዓት ወስዶት ነው። ቋንቋውም አያግዘውም። «ዕድል» ለሚቆጠረው ቁጥርም ለዕጣ ፈንታም የሚያገለግል ቃል ነው፤ የአፋን ኦሮሞው «ጨራ» እንዲሁ ነው።

በእርግጥ የከተማው ዕቁብ እንደ ሞዴሉ ንጹሕ ላይሆን ይችላል። ሁለት ዕጣ የሚጥል አባል አለ፤ ሠርግ ወይም ሕመም ለገጠመው ሰው ዳኛው አስማምቶ ዕጣውን የሚያስቀድምበት ጊዜ አለ፤ ዕጣውን የሚሸጥም አይጠፋም። እነዚህ «እኩል ዕድል» የሚለውን መነሻ ያናጉታል እንጂ ስሌቱን አያፈርሱትም፤ ለላቀ ክፍል የሚሰጡ መልመጃዎችም ይሆናሉ።

ለመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ስድስት ብጣሽ ወረቀት ይበቃል። መጀመሪያ እንደ ዕቁብ፣ የወጣው እየተለየ፤ ቀጥሎ እንደ ዳይስ፣ የወጣው እየተመለሰ። በመጀመሪያው ሥርዓት ስድስቱም ስሞች በስድስት ዕጣ ይዳረሳሉ። በሁለተኛው ግን ይህ የሚሆንበት ዕድል 720/46,656፣ 1.5 በመቶ ገደማ ነው፤ ሁሉም እስኪዳረስ በአማካይ 14.7 ዕጣ ማውጣት ያስፈልጋል። እንዲህ ባለ ዕቁብ ማን እንደሚገባ ተማሪዎቹን መጠየቅ ይቻላል።