የእጅ አንጓ አጥንት ውስጡ ምን ይነግረናል?

አጥንት ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን እንደ ድንጋይ ድፍን የሆነ ነገር ነው። ይሁን እንጂ የበግ ቅልጥም ጫፉን በመጋዝ ብንሰነጥቀው ዳር ዳሩ ጠንካራ፣ ውስጡ ግን እንደ ስፖንጅ ባለ ብዙ ቀዳዳ ሆኖ እናገኘዋለን። የእኛም የክንድ አጥንት እጅ አንጓ አጠገብ ሲደርስ እንደዚሁ ነው።

ይህ ስፖንጅ መሰል ክፍል የጎጆ ቤት ግድግዳን ይመስላል። ቋሚው እንጨት ሸክሙን ይሸከማል፤ ማገሩ ቋሚዎቹን አያይዞ እንዳይጎብጡ ይይዛቸዋል። ማገሩ ቢወልቅ ቤቱ ወዲያው አይወድቅም፤ ነፋስ ሲመጣ ግን አይችለውም። በአጥንት ውስጥም ቀጫጭኖቹ ዘንጎች ሲሳሱና ሲበጣጠሱ እንዲሁ ይሆናል። ስለዚህ የአጥንታቸው መጠን እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች እንኳ የውስጥ አሠራሩ ከተለያየ ጥንካሬያቸው ይለያያል።

ታዲያ ለምን እጅ አንጓ? አጥንት ሁልጊዜ እየፈረሰ እየታደሰ የሚኖር ሕያው አካል ነው። ስፖንጅ መሰሉ ክፍል ሰፊ ገጽ ስላለው፣ መፍረሱ ከመታደሱ ሲበልጥ ቶሎ የሚጎዳው እሱ ነው። ሴቶች የወር አበባቸው በዕድሜ ሲቋረጥ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ መሳሳቱ ይፈጥናል። ይሄን በሽታ ሐኪሞች ኦስቲዮፖሮሲስ ይሉታል። አጥንት እስኪሰበር ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። ሰው ሲወድቅ መዳፉን ስለሚዘረጋ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰበረው አንጓው አጠገብ ያለው አጥንት ነው። ይህን ስብራት የደብሊኑ ሐኪም አብርሃም ኮሊስ በ1814 እ.ኤ.አ. ገልጾታል።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እናታችን ወይም አያታችን ከቆሙበት ወድቀው አንጓቸው ቢሰበር «አዳልጧቸው ነው» ብለን፣ ወጌሻ ጠርተን ብቻ መተው የለብንም። ይህ ስብራት ነገ የዳሌ ወይም የአከርካሪ አጥንት ሊሰበር እንደሚችል ማስጠንቀቂያ ነው። የዳሌ ስብራት ደግሞ አልጋ ላይ ያስቀራል፤ ለሞትም ያበቃል። ስለዚህ ሐኪም ቤት ወስደን አጥንታቸውን ማስመርመር ይገባናል።

እኛስ? የሰው አጥንት ክምችቱ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ጊዜው የእኛና ነገ የምናስተምራቸው ልጆች ነው ማለት ነው። ወተት፣ ጎመን፣ የፀሐይ ብርሃን፣ ሩጫና ዝላይ ማገሩን ያጠብቃሉ፤ ሲጋራና መጠጥ ግን ያላሉታል።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. የአጥንት መጠን ብቻ ጥንካሬውን የማይነግረን ለምንድን ነው?
2. ይህን ትምህርት ያለ መሣሪያ፣ በጭቃና በእንጨት ብቻ እንዴት ለተማሪ እናሳያለን?